ገዢውን ደጅ የሚያስጠና ዲስክ

ዋጋው ተከፍሎበት የተገዛ የፊልም ዲስክ ወደ ማጫወቻ ሲገባ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያሳየው ፊልሙን አይደለም። በቅድሚያ የኩባንያው ዓርማ፣ ቀጥሎ የቅጂ መብትን መጣስ የሚያስከትለውን እስራትና መቀጫ የሚዘረዝር ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያም በቅርብ ይወጣሉ የተባሉ የሌሎች ፊልሞች ማስታወቂያዎች ይደረደራሉ፤ ተመልካቹ ይህን ሁሉ ለመዝለል የሪሞት ኮንትሮሉን የማሳለፊያ ቁልፍ ሲጫን ደግሞ በስክሪኑ ጥግ ላይ የተሰረዘ ክብ ወይም የእጅ መዳፍ ምልክት ብቅ ይልና ትእዛዙ ተቀባይነት እንዳላገኘ ይነግረዋል። ቁልፉ አልተበላሸም፤ ማጫወቻውም ፊልሙን ማግኘት አልተሳነውም። ማሽኑ የባለቤቱን ትእዛዝ ሰምቶ የማይፈጽመው፣ ዲስኩን ያዘጋጀው ወገን አስቀድሞ «አትታዘዝ» የሚል መመሪያ ስለጻፈበት ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። የጥቂት ሰከንዶች ማስጠንቀቂያ ወይም የጥቂት ደቂቃዎች ማስታወቂያ የማንንም ኑሮ አያናጋም፤ ሆኖም በራሱ ቤት፣ በገንዘቡ በገዛው ማሽን፣ በገንዘቡ የገዛውን ዕቃ የሚጠቀም ሰው ቁልፉ የማይታዘዝለት ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ከቴክኒክ ወደ ውል፣ ከውልም ወደ ሕግ እያለፈ ይሄዳል፤ በዚህም የተነሳ ጉዳዩ የፊልም ኩባንያዎችን፣ የሸማቾች ተሟጋቾችንና የሕግ ባለሙያዎችን ለዓመታት ሲያነታርክ ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዲስኩ በፊት በነበረው የቪዲዮ ካሴት ዘመንም ማስጠንቀቂያውና ማስታወቂያው አልጠፉም ነበር። በ1975 የሶኒ ቤታማክስ፣ በ1976 ደግሞ ቪኤችኤስ የተባለው ካሴት ለገበያ ከቀረቡ በኋላ የሆሊውድ ኩባንያዎች ፊልሞቻቸውን በካሴት ማውጣት ሲጀምሩ፣ በተለምዶ ኤፍቢአይ የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ስም የተጠቀሰበትን ማስጠንቀቂያ በካሴቱ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥን ልማድ አደረጉት፤ በ1987 በካሴት የወጣው «ቶፕ ገን» የተሰኘው የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ፊልም ደግሞ የዳይት ፔፕሲን ማስታወቂያ ከፊቱ አስቀድሞ በ26.95 ዶላር ሲሸጥ፣ የለስላሳ መጠጥ ሻጭም በተገዛ ፊልም ላይ ተሳፍሮ ሰው ሳሎን ድረስ መግባት እንደሚችል አሳየ። ቢሆንም ካሴት የተቀዳበትን ከማሳየት ያለፈ ሥልጣን የሌለው ማግኔታዊ ጥብጣብ ስለነበር፣ በላዩ ያለው ምስል ማጫወቻውን «ወደፊት እንዳታዞር» ሊለው አይችልም ነበር። ተመልካቹ የማዞሪያውን ቁልፍ ይጫናል፤ ማስጠንቀቂያው በስክሪኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ ያልፋል፤ ፊልሙ ሲጀምር ጣቱን ያነሳል። ያ መብት ማንም የሰጠው አልነበረም፤ ሊነጥቀው የሚችል ስላልነበረ ብቻ በእጁ የቆየ ነው።

ዲቪዲ በኖቬምበር 1996 በጃፓን፣ በማርች 1997 ደግሞ በአሜሪካ ለሽያጭ ሲቀርብ ከተነገሩለት ጥቅሞች አንዱ መጠቅለልና ማዞር መቅረቱ፣ ተመልካቹም ወደፈለገው ትዕይንት በቅጽበት መዝለል መቻሉ ነበር። በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት፣ በሁለት ንብርብር 8.5 ጊጋባይት የሚይዘው ይህ ዲስክ ከላይ ሲያዩት የፊልም ማከማቻ ብቻ ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ ከምስሉና ከድምፁ ጎን ለጎን ማጫወቻው ተራ በተራ የሚፈጽማቸው መመሪያዎች ተጽፈውበታል። ዲስኩ እንደገባ ማጫወቻው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው «መጀመሪያ የሚጫወት» ተብሎ የተለየውን ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል በቀጥታ ወደ ፊልሙ፣ ወደ ሜኑው ወይም ወደ ማስጠንቀቂያው እንዲመራ የሚወስነው ዲስኩን ያዘጋጀው ባለሙያ ነው። እዚህ ድረስ ያለው የቅደም ተከተል ጉዳይ ብቻ ነው፤ ዋናው ቁም ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በዲቪዲ የቴክኒክ መመዘኛ ውስጥ ተመልካቹ በሪሞቱ ሊሰጣቸው የሚችላቸው ትእዛዞች፣ ማለትም ማቆም፣ ለጊዜው ማስቆም፣ ወደፊት ማሳለፍ፣ ወደኋላ መመለስ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ መዝለል፣ ሜኑ መጥራት፣ የድምፁን ቋንቋ ወይም የትርጉም ጽሑፉን መቀየርና የመሳሰሉት፣ ከ0 እስከ 24 ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተመዝግበዋል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ ብቻ የሚጻፍበት ከሁሉ ያነሰው የኮምፒውተር የመረጃ ቁራጭ፣ ተመድቦላቸዋል፤ ቢቱ ዜሮ ከሆነ ትእዛዙ ይፈቀዳል፣ አንድ ከሆነ ይከለከላል። የተጠቃሚ ትእዛዝ ክልከላ ሊባል የሚችለው ይህ ሥርዓት በአንድ ርዕስ ሙሉ ላይ፣ በርዕሱ ውስጥ ባለ አንድ ተከታታይ ክፍል ላይ፣ ወይም ምስሉ በሚከፋፈልባቸውና አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በማይበልጡ ጥቃቅን ቁራጮች ላይ ሊጣል የሚችል ሲሆን፣ በአንዱ ደረጃ የተከለከለው በሌላው ቢፈቀድም ተከልክሎ ይቀራል። ስለዚህ አዘጋጁ ከፈለገ በማስጠንቀቂያው ላይ ማሳለፍን፣ በማስታወቂያው ላይ ሜኑ መጥራትን፣ በሁለቱም ላይ ማቆምን በየሰከንዱ እየለየ መዝጋትና መክፈት ይችላል።

ሥርዓቱ ሲነደፍ ለማበሳጨት ብቻ ታስቦ ነበር ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በዲስክ ላይ የሚዘጋጁ ጨዋታዎችና የጥያቄ ውድድሮች ተጫዋቹ መልሱን ዘሎ እንዳያይ የማሳለፊያ ቁልፍን መዝጋት ያስፈልጋቸዋል፤ ሜኑው በሚገለጥበት ቅጽበት የሚሰጥ ትእዛዝ ማጫወቻውን ሊያደናግር ስለሚችልም ለአፍታ መከልከሉ ምክንያት አለው። ችግሩ መሣሪያው ገደብ ሳይበጅለት ለገበያና ለሕግ ክፍሎች መተላለፉ ነው። ማስጠንቀቂያው ከተዘጋ ማስታወቂያው ለምን ይቅር? ማስታወቂያው ከተዘጋ «በቃለ መጠይቆቹ የተሰነዘሩት አስተያየቶች የኩባንያውን አቋም አያንጸባርቁም» የሚለው ማሳሰቢያስ? በአንዳንድ ዲስኮች ላይ ደግሞ ክልከላው የትርጉም ጽሑፍን ማጥፋት እስከ መከልከል ደርሷል፤ ይህም የሚደረገው በአንድ አገር በርካሽ የተሸጠ ቅጂ ዋጋው ከፍ ወዳለበት አገር ተመልሶ ቢገባ ለተመልካቹ ምቾት እንዳይሰጥ ታስቦ ነው።

ማጫወቻ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ደንበኛቸውን የሚያስከፋ መመሪያ ለምን ያከብራሉ የሚለው ጥያቄ ወደ ውሉ ይወስዳል። በንግድ የሚሸጡ አብዛኞቹ የፊልም ዲቪዲዎች ይዘታቸው ሲኤስኤስ በተባለ የምስጠራ ዘዴ ተቆልፏል፤ ምስጠራ ማለት መረጃው ቁልፉ በሌለው ማሽን እንዳይነበብ ማዘበራረቅ ሲሆን፣ ቁልፉን የሚሰጠው በአሜሪካ የተቋቋመው የዲቪዲ ቅጂ ቁጥጥር ማኅበር ነው። ቁልፍ የሚፈልግ አምራች ፈቃድ መውሰድ፣ ፈቃዱን ለማግኘትም በሚሠራው ማሽን ላይ የተዘረዘሩ ግዴታዎችን መፈጸም አለበት። በዚህ መንገድ የፊልም ኩባንያዎች ገዢውን ሳያማክሩ ከማሽኑ አምራቾች ጋር ተስማምተው አድረዋል፤ በገበያው ሕግ መሠረት ለደንበኛው የሚመች ማጫወቻ ሠርቶ ተወዳዳሪውን መቅደም የነበረበት አምራች፣ ቢቀድም ቁልፉን የሚያጣ ሆኖ ተገኘ። ካሊዴስኬፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተገዙ ዲቪዲዎችን ወደ ቤት ውስጥ ማከማቻ ገልብጦ ፊልሙን ያለ ማስታወቂያ ወዲያው የሚያስጀምር ውድ መሣሪያ ሲያቀርብ፣ ይኸው ማኅበር በ2004 የፈቃድ ውሉን ጥሷል ብሎ ከሶት ክርክሩ በስምምነት እስኪዘጋ አሥር ዓመት ፈጅቷል።

ወደ ማስጠንቀቂያው ስንመለስ፣ በአሜሪካ ዲስኮች ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ያለፈቃድ ማባዛት፣ የገንዘብ ትርፍ ባይገኝበትም እንኳ፣ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጫ ሊያስከትል እንደሚችል ይገልጻል። ኤፍቢአይ በ2004 ለዚሁ ዓላማ የተለየ ማኅተም ይፋ ሲያደርግ፣ በ2012 ደግሞ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የምርመራ ክፍል ዓርማ ከኤፍቢአይ ዓርማ ጎን የተቀመጠበት አዲስ ማስጠንቀቂያና ሕገወጥ ቅጂ ተጎጂ የሌለው ወንጀል አይደለም የሚል ሁለተኛ ገጽ ተጨመሩ። ሁለቱ ገጾች በተከታታይ ለአሥር አሥር ሰከንድ እንዲታዩና እንዳይዘለሉ ተደርገው ስድስቱ ታላላቅ የሆሊውድ ኩባንያዎች ሥራ ላይ አዋሏቸው። በአውሮፓ ያለው ተመልካች ዕጣ ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም፤ አንድ ዲስክ ለብዙ አገሮች ገበያ ስለሚዘጋጅ ተመሳሳዩ ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በደችና በሌሎችም ቋንቋዎች ገጽ በገጽ እየተገለበጠ ያልፋል፤ ከመካከላቸው ተመልካቹ የሚያነበው ምናልባት አንዱን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ ሕግ ያዘዘው ግዴታ አድርጎ ይወስደዋል። እንዲያ አይደለም። የኤፍቢአይን ማኅተም መጠቀም በባለመብቱ ፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የቅጂ መብት ምልክቱና የባለመብቱ ስም እንኳ አሜሪካ የበርንን ስምምነት ከተቀበለችበት ከማርች 1989 ጀምሮ ለመብቱ መኖር ቅድመ ሁኔታ መሆናቸው ቀርቷል። እርግጥ ምልክቱ በቅጂው ላይ በግልጽ ከታየ፣ የተከሰሰ ሰው «ባለቤት ያለው ሥራ መሆኑን አላወቅሁም» ብሎ ካሳ እንዲቀነስለት የሚያቀርበው መከራከሪያ ክብደት እንዳይኖረው የአሜሪካ ሕግ ስለሚደነግግ፣ ኩባንያዎች ማሳሰቢያ ማስቀመጣቸው የሕግ ጥቅም አለው። ነገር ግን ለዚህ የሚያስፈልገው በማሸጊያው፣ በዲስኩ ገጽ ወይም በፊልሙ መጨረሻ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው እንጂ የተመልካቹን እጅ የሚያስር ሃያ ሰከንድ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የማስጠንቀቂያው አድራሻ ነው። ፊልሙን ያለፈቃድ የሚያባዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማስጠንቀቂያውንና ማስታወቂያውን ቆርጦ ፊልሙን ብቻ በአንድ ፋይል ማስቀረት ስለሆነ፣ ከኢንተርኔት የወረደው ወይም በየመንገዱ የተሸጠው ቅጂ እንደተከፈተ ፊልሙን ይጀምራል። «አትስረቅ» የሚለውን ተግሣጽ በየጊዜው የሚሰማው ያልሰረቀው ብቻ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ደጅ ሲጠና፣ ሳይከፍል የገባው እልፍኝ ተቀምጧል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እንዲከላከለው የተመደበለትን አደጋ አይነካም፤ ሊጠብቀው የሚገባውን ደንበኛ ግን ያስቀይማል።

የዚህ አሠራር ቁንጮ ሆኖ የሚታወሰው በ2004 የጀመረው ዘመቻ ነው። የብሪታንያ የቅጂ መብት ስርቆት ተከላካይ ፌዴሬሽን፣ የአሜሪካ የተንቀሳቃሽ ምስል ማኅበርና የሲንጋፖር የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በጋራ ያዘጋጁት ይህ አጭር ምስል፣ በሚያስበረግግ ሙዚቃና በሚንቀጠቀጥ ፊደል ታጅቦ፣ መኪና፣ የእጅ ቦርሳና ቴሌቪዥን የማይሰርቅ ሰው ፊልምንም ማውረድ እንደማይገባው ይሰብክ ነበር። ምስሉ በብዙ አገሮች ዲስኮች ላይ እንዳይዘለል ተደርጎ ስለተቀመጠ ከፊልሞቹ ይልቅ እርሱ በቃል ተያዘ፤ መኪና የተሰረቀበት ሰው መኪናውን ሲያጣ ፊልሙ የተገለበጠበት ኩባንያ ግን ዋናው ቅጂ በእጁ መቅረቱን የታዘቡ ሰዎችም ንጽጽሩን መሳለቂያ አደረጉት። የብሪታንያው አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ «ዘ አይቲ ክራውድ» በ2007 ባቀረበው ቀልድ፣ ዘመቻው ከመኪና ስርቆት ተነስቶ ወደ ግድያ እየከፋ ይሄዳል። በ2025 ደግሞ ከዘመቻው ሰነዶች በአንዱ ውስጥ የተገኘው ፊደል ዩስት ፋን ሮሱም የተባሉት ሆላንዳዊ የፊደል ነዳፊ የሠሩት ፊደል ያለፈቃድ የተቀዳ ግልባጭ መሆኑ በዜና ተዘገበ። በኔዘርላንድስም፣ ብዙ ጊዜ ከዚህኛው ጋር በስህተት በሚምታታ ሌላ ፀረ ሕገወጥ ቅጂ ምስል ላይ፣ ለአንድ የአካባቢ ፌስቲቫል ብቻ ሙዚቃ የደረሰ የሙዚቃ ባለሙያ ሥራው እርሱ ሳይፈቅድ በገበያ ዲቪዲዎች ላይ መግባቱን ደርሶበት እስከ ፍርድ ቤት ተሟግቷል። ከዓመታት በኋላ በብሪታንያ አንዳንድ ዲስኮች ላይ ተግሣጹ ተነስቶ ፊልሙን ስለገዙ የሚያመሰግን አጭር መልእክት ተተካ፤ ይህም ዘግይቶም ቢሆን የንግድ ጨዋነት ነው።

ማስታወቂያዎቹን በተመለከተ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፊልም ገዝቶ ከስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው ለሌላ ፊልም ሻጭ የተገኘ ምርጥ ታዳሚ ሲሆን፣ በዲስኩ ላይ ማስታወቂያ ለማኖር የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይሁን እንጂ ዲስክ እንደ ጋዜጣ ዛሬ ተነቦ ነገ የሚጣል ነገር አይደለም። «በዚህ ክረምት በሲኒማ ቤቶች» እያለ የሚያውጀው ማስታወቂያ ከአሥር ዓመት በኋላም፣ የሚያስተዋውቀው ፊልም ከተረሳ በኋላም፣ በዚያው ጉጉት ያውጃል። ይህ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ሕፃናት ባሉበት ቤት ነው፤ ሕፃን አንድን ፊልም ደጋግሞ ማየት ስለሚወድ በየጊዜው ያው ማስታወቂያ ይደገማል፤ ወላጅም የሚያለቅስ ልጅ ታቅፎ ያንኑ የአሻንጉሊት ማስታወቂያ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ዲዝኒ ለልጆች ፊልሞቹ ያወጣው «ፋስትፕሌይ» የተባለው አሠራር፣ ቁልፍ ሳይነካ ዲስኩ ማስታወቂያዎቹን አሳይቶ በቀጥታ ወደ ፊልሙ እንዲገባ የሚያደርግ ሲሆን፣ ስሙ ፍጥነትን ቢያመለክትም ምንም ካልተነካ ፊልሙ የሚጀምረው ማስታወቂያዎቹ ካለቁ በኋላ ነው።

ሕጉ ነገሩን ያከበደው በ1998 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ሕግ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሥራው የተቆለፈበትን ቴክኒካዊ መቆለፊያም ጥበቃ ሰጠው፤ በመሆኑም መቆለፊያውን ማለፍ፣ ለማለፊያ የሚሆን መሣሪያ መሥራትና ማሰራጨት፣ ዓላማው ምንም ይሁን ምን፣ በመርህ ደረጃ የተከለከለ ሆነ። ማስታወቂያውን ለመዝለል ዲስኩን በራሱ መንገድ የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ማጫወቻ ግን ምስጠራውን ሳይፈታ ሊያነብ አይችልም፤ ምስጠራውን ያለ ፈቃድ መፍታት ደግሞ ሕገወጥ ነው። ማስታወቂያ መዝለልን በራሱ ሕገወጥ የሚያደርገው ነገር ሳይኖር፣ በሩ ላይ ያለው መቆለፊያ ሕገወጥ አደረገው። ሕጉ በየሦስት ዓመቱ ልዩ ሁኔታዎች የሚጠየቁበት ሥርዓት ስላለው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና ፐብሊክ ኖሌጅ የተባሉ ሁለት የመብት ተሟጋች ድርጅቶች፣ የዲቪዲ ባለቤቶች የማይዘለሉ ማስታወቂያዎችን ማለፍ እንዲፈቀድላቸው ጥያቄ አቅርበው ነበር፤ በ2003 በተሰጠው ውሳኔ ጥያቄው ውድቅ ተደረገ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣው የቤተሰብ መዝናኛና የቅጂ መብት ሕግ ወላጆች በቤታቸው የሚታይ ፊልም ላይ ያሉ የማይፈልጓቸውን አጫጭር ክፍሎች በመሣሪያ አማካይነት እንዲያልፉ ፈቀደ። እንግዲህ አሜሪካዊ አባት ከፊልሙ ውስጥ የግድያውን ትዕይንት የሚዘልል መሣሪያ ሕጋዊ ሽፋን ሲያገኝ፣ ከፊልሙ በፊት ላለው ማስታወቂያ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ሽፋን አልተሰጠውም።

መቆለፊያው ግን ብዙ አልቆየም። በ1999 ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት ኖርዌያዊ ከሌሎች ጋር ሆኖ ዲሲኤስኤስ የተሰኘውን የምስጠራ መፍቻ ፕሮግራም አሰራጨ፤ በአገሩ ተከሶ በ2003 መጀመሪያ በሥር ፍርድ ቤት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በይግባኝ ነፃ ወጣ፤ ፍርድ ቤቱም ሰው በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ዲስክ በፈለገው መሣሪያ ማየቱ ጥፋት እንዳልሆነ ተቀብሏል። በአሜሪካ ግን ያንኑ ፕሮግራም በድረ ገጹ ያወጣ መጽሔት በ2000 እንዳያሰራጭ በፍርድ ቤት ታገደ። በ1996 በፓሪስ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች የተጀመረውና ዛሬ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኘው ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ የዲስኩን ክልከላ ቢቶች አንብቦ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ቢቱ አሁንም አንድ ነው፤ የሚታዘዘው ግን የለም።

ኢትዮጵያን በተመለከተ ግንኙነቱ በሌላኛው የዲቪዲ ገደብ በኩልም ይታያል። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በስድስት የሽያጭ ክልሎች ከፋፍለው የአንዱ ክልል ዲስክ በሌላው ክልል ማጫወቻ እንዳይሠራ ሲያደርጉ፣ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሩሲያና ከህንድ ጋር በክልል 5 ተመደበች፤ አሜሪካ በክልል 1፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች በክልል 2 ናቸው። ስለዚህ ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ለዘመድ የተላከ፣ ዋጋው ሙሉ በሙሉ የተከፈለበት ዲስክ ደንቡን በሚጠብቅ የአዲስ አበባ ማጫወቻ ላይ አይከፈትም ነበር፤ ችግሩን ያቀለሉት ክልል የማይለዩ ርካሽ ማጫወቻዎች ናቸው። በየቪዲዮ ቤቱና በየመንገዱ ይሸጥ የነበረው የውጭ ፊልም ቅጂ በበኩሉ ክልልም ማስጠንቀቂያም አያውቅም ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የአማርኛ ፊልም አዘጋጆችም ማባዛት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ማሳሰብን ለመዱ፤ ፊልማቸው በወጣ ሰሞን ተቀድቶ ሲሸጥ የሚያዩት የአገር ውስጥ አዘጋጆች ቁጣ ከሆሊውድ ኩባንያዎች ይልቅ ምክንያት ነበረው፤ የሚተዳደሩት ከዚያች ከአንዲት ፊልም በሚገኝ ገቢ ነውና።

በ2006 የመጣው ብሉሬይ ዲስክ ምስሉን አጠራ እንጂ ልማዱን አላሻሻለም። እንዲያውም በዲስኩ ላይ ሙሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲሠራ ስለሚፈቅድ ማጫወቻው ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ አዳዲስ ማስታወቂያዎችን አውርዶ እንዲያሳይ ማድረግ ተቻለ፤ ለመከፈት የሚፈጀውም ጊዜ ረዘመ። ከዚያ ወዲህ የዲስክ ገበያ እየተመናመነ ሄዷል፤ በ1998 ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት የጀመረው ኔትፍሊክስ በሴፕቴምበር 2023 የመጨረሻዎቹን ዲስኮች ልኮ አገልግሎቱን ዘጋ።

ገበያው ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ስለ ትዕግሥት ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ታዩ። ዩቲዩብ በ2010 መጨረሻ ከአምስት ሰከንድ በኋላ የሚዘለል ማስታወቂያ ሲያስተዋውቅ፣ አስተዋዋቂው የሚከፍለው ተመልካቹ ወዶ ሲያይለት ብቻ እንዲሆን አደረገና ሥራው ተስፋፋ፤ ኔትፍሊክስ በ2017 ያስገባው የድራማ መግቢያን መዝለያ ቁልፍ ደግሞ በ2022 ኩባንያው እንዳስታወቀው ተመልካቾች በቀን 136 ሚሊዮን ጊዜ ይጫኑት ነበር። በሌላ በኩል የአማዞኑ ፕራይም ቪዲዮ በጃንዋሪ 2024 ቀድሞ ለከፈሉ የአሜሪካ ደንበኞቹ ማስታወቂያ ማሳየት ጀምሮ፣ ማስታወቂያ የማይፈልግ በወር 2.99 ዶላር እንዲጨምር ጠየቀ፤ የአማርኛ ፊልሞች በብዛት የሚታዩበት ዩቲዩብ ራሱም ቢሆን የማይዘለሉ ማስታወቂያዎችን ይዟል። ልዩነቱ ዲስኩ የተገዛ ዕቃ መሆኑ ላይ ነው። በነፃ ለሚሰጥ ነገር በጊዜ መክፈል ሊያከራክር ይችላል፤ ዋጋው ተቆርጦ የተሸጠን ዕቃ ገዢው እንዳይጠቀምበት ማዘግየት ግን ሻጩ ሌላ ዋጋ ሳይነግር መቀበሉ ነው፣ እናም በዚህ ረገድ የፊልም ኩባንያዎቹ መከራከሪያ ውሃ አያነሳም።

ዛሬም ዲስክ ለሚያዘጋጁ፣ በተለይም ለሠርግ፣ ለመንፈሳዊ መዝሙርና ለድራማ ሥራዎች ዲቪዲ ለሚያሳትሙ ባለሙያዎች፣ የክልከላ ቢቶቹን በዜሮ መተው ምንም ወጪ የለውም፤ ማሳሰቢያውን በማሸጊያው ላይና በሥራው መጨረሻ ማስፈር ለሕጉም ለገዢውም ይበቃል። ቀደም ሲል የተገዙ ዲስኮች በእጁ ያሉት አንባቢ ደግሞ በአንዳንድ ማጫወቻዎች ላይ የማቆሚያውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ፣ ቀጥሎም የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ጊዜ በመጫን በቀጥታ ወደ ፊልሙ መግባት ይችላል፤ በሁሉም ዲስክና በሁሉም ማጫወቻ ላይ አይሠራም፣ የማቆሚያው ቁልፍም የተከለከለባቸው ዲስኮች አሉና።